ሃያ ሁለት ከመቶ

ከሌሊቱ ዘጠኝ፣ በፋብሪካው በራፍ፣
መኪና በመኪና ሲታከክ፣ ሲሰለፍ፣
ኻምፓይ መሪ ታቅፋ ከእንቅልፍ ስትታገል፣
ከኋላ ጭነቷ በዝናብ ሲቀልል።
ሲቀልል እላለሁ፤ ኪሎውስ ይከብዳል፣
ውኃ የጠጣ ሥር ግን ስታርቹ ይወርዳል፤
ሸክም በጨመረ ዋጋ የሚቀንስበት፣
እንዲህ ያለ ገበያ ነው ነግቶ የሚጠብቃት።

ኢሳን ነው አገሩ፣ የታይላንድ ሰሜን ምሥራቅ፣
መሬቱ አሸዋ ነው፣ ሩዝ የማያጸድቅ፤
ካሳቫ ግን አይመርጥም፤ ግንዱን ስንዝር ቆርጠህ
ብትሰካው ይበቅላል፣ ዞረህ ሳታይ ቀርተህ።
በእኔ ቋንቋ ስሙ "ካሳ" ብሎ ይጀምራል፤
ጨርሰህ ስትጠራው ካሳው የት ይቀራል?

ነጋ።
ቢጫ ቦት ያጠለቀ ልጅ ከሚዛን ቤት ወጣ፣
አምስት ኪሎ ሥር ቆንጥሮ በቅርጫት አመጣ፣
ውኃ ውስጥ ነከረው።
ዐሥር ወር ሙሉ ጎንበስ ብላ የኮተኮተችው
በአንድ ባልዲ ውኃ ነው ፍርዱን የሚያገኘው።
"ሃያ ሁለት" አለ ልጁ፣ ፊቷን ሳያይ።
ለሃያ አምስት ነበር ዋጋው የተለጠፈው በሩ ላይ፤
ሦስቷን ነጥብ ዝናቡ በላት።
ለአፈሩም ከመቶ ስድስት ቀነሱባት፤
የገዛ ማሳዋ አፈር፣ ከሥሩ ተጣብቆ መጥቶ፣
ፋብሪካው ግቢ ቀረ፣ ባለቤት አጥቶ።

ሰባት ሺህ አምስት መቶ ባት። ቆጠረች።
ሺህ ሦስት መቶ ለነቃዮቹ፤ ለየች።
ለትራክተሩ ሺህ አምስት መቶ። ለማዳበሪያው ብድር
ሦስት ሺህ አራት መቶ፤ ወለዱ ዘጠኝ መቶ፣ እሱም ሳይቀር።
አራት መቶ ተረፈች።
ብድር በምድር ይላል ያገሬ ሰው፤
የኻምፓይ ምድር ግን ብድሩን አልመለሰው።

ቢሆንም ፋብሪካውን አትረግምም።
ከሱ በፊት ነጋዴ ሶምፎት ነበር፣ እሱን አትረሳም፤
ሚዛኑ እንደ ምላሱ ሁለት፣
አንዱ ሲገዛበት፣ አንዱ ሲሸጥበት።
የውኃው ሚዛን አይዋሽም፣
መጨከኑን ይጨክናል እንጂ።

አስተማሪ ቶንግሳ፣ ጡረታ የወጣው፣
"ለምን ሥሩን ብቻ?" ብሎ ነው የመጣው።
"ከአንድ ቶን መቶ ሰባ ሊትር ኢታኖል ከወጣ፣
ሊትሩን እንሽጥ እኛው፣ ሌላው ምን በወጣ!"
በርሜል በየዱ፣ የመዳብ ቱቦ ጠመዘዙ፣
ዐሥራ አራት አባወራ መዋጮ አያያዙ፤
ተብላላ፣ ፈላ፣ ነጠረ፣ ጠብ አለ፤ ክብሪት ጫሩበት፣
ሰማያዊ ነበልባል! ልጆች ዘለሉበት፤
ኻምፓይም አጨበጨበች፣ እጇ እስኪቀላ።

የቶንግሳ ደብተር ግን ሐቀኛ ነበር። ማታ ሲያሰላ፣
አንዷን ሊትር ለማንጠር የነደደው እንጨት
ከሊትሯ ዋጋ በልጦ አገኘበት።
ፋብሪካው በአተላው ጋዝ ይፈላል፣
ትልቅ ድስት የራሱን ግሳት ያነዳል፤
ትንሽ ድስት ጫካውን በልቶም አይጠግብ።
ይህንንስ ባሻሻለው ነበር፣ እሳቱን በጭቃ ቢከብብ፣
እንፋሎቱን መልሶ ውኃ ቢያሞቅበት (ሥዕሉ አሁንም አለ፣ ደብተሩ ውስጥ)።
ግን የኤክሳይዝ ሹም በሞተር መጣ።
"ፈቃድ?" አለ።
አልነበረም።
አሁን በርሜሉ ውስጥ ዝናብ ይጠራቀማል፣
የቶንግሳ ዳክዬ ማልዶ ይዋኝበታል።

ከፋብሪካው መውጫ ማደያ አለ።
"ከመቶ ዐሥር ኢታኖል" ይላል ሰሌዳው፣ ቅጠል ተሥሎበታል።
ከአራት መቶዋ ሦስቱን ሰጠች። ቀጂው ቱቦውን ሰካ፣
ኻምፓይ ወረደች፤ ጠጋ ብላ አፍንጫዋን አስነካ፤
ከቤንዚኑ ሽታ ሥር፣ ቀጭን፣ እንደ ክር፣
የሟች አባቷ ትንፋሽ፣ ያ የሩዝ አረቄ ነበር፤
እሱም የሸጠውን ሩዝ ነበር መልሶ የሚጠጣው፣
በእጥፍ ዋጋ እየገዛ፣ እየሳቀ፣ ልጆቹ ሲያዩት በጓሮ የሚመጣው።
"አንተም ጀመርክ?" አለችው መኪናዋን፣ ጎኑን መታ አድርጋ።
ቀጂው አልገባውም። ክዳኑን ገጠመ።

ሞተሩ አስነጠሰ፣ ሁለቴ፣ ተነሣ።
ከማንጎው ጥላ ሥር ግንዱ ታስሮ ቆሟል፣
አፈሩ ሳይደርቅ፣ ዛሬ ከሰዓት መሰካት ይኖርበታል።